ሎሚው ዛሬ ምን አለ? ኮክቴልን በቤት መሥራትና ማጣጣም

ኮምቦልቻ፣ አንድ ሆቴል ባር ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ባርማን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጠዋት ባሩ ሳይከፈት አንድ ሎሚ ለሁለት ይሰነጥቁና ግማሹን ይሰጡኛል። እመጠዋለሁ፣ ፊቴ ይጨማደዳል። ከዚያ «ዛሬ ሎሚው ምን አለሽ?» ይሉኛል። «ጎመዘዘኝ» ማለት አይበቃቸውም። ከትናንቱ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? መጨረሻው ላይ ይመራል? ጥርስ ያጠርሳል ወይስ ቶሎ ይለቃል? መልሴን ሰምተው የዕለቱን የስኳር መጠን ይወስኑ ነበር።

አሁን የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባሩን ከተውኩት ቆይቷል፤ እሁድ ማታ ግን እህቴና ባለቤቷ ሲመጡ፣ ወይም የባሌ ወንድም ከኮምቦልቻ ሲወጣ፣ ኮክቴል፣ ማለትም የተደባለቀ መጠጥ፣ ልሠራ የመናጫ ማሰሮዬን አነሳለሁ። «ይሄማ የትልቅ ሆቴል ሥራ ነው፤ ዕቃው ደሴ ከየት ይገኛል?» የሚለኝ ብዙ ነው። አብዛኛው ዕቃ ጉልት ላይ አለ። ጋሼ ያስተማሩኝን ያህል እኔም ላስተምራችሁ።

በአንድ መጠጥ ጀምሩ፤ እሱም ዳይኪሪ ይሁን። ነጭ ሩም (ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ)፣ ሎሚ፣ ስኳር፤ ሌላ የለውም። ዳይኪሪ ኩባ ውስጥ ሳንቲያጎ ከምትባለው ከተማ አጠገብ ያለች መንደር ስም ነው፤ እዚያ የብረት ማዕድን ይወጣ ነበር። መጠጡን እ.ኤ.አ. በ1898 አካባቢ እዚያ ይሠራ የነበረ ጄኒንግስ ኮክስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደጀመረው ይነገራል። ከዚህ እንድትጀምሩ የምፈልገው ስሕተት የሚሸሸግበት ቦታ ስለሌለው ነው። ሎሚው ከበዛ ወዲያው ትሰማላችሁ፤ በረዶው ካነሰም እንዲሁ። ዳይኪሪን የያዘ እጅ የሌሎቹን ግማሽ ይዟል።

አሁን ስለ ሎሚ። የውጭ አገር አሠራር በአማርኛ ተተርጉሞ ስታነቡ አንድ ነገር ያሳስታችኋል። እነሱ ሁለት ፍሬ አላቸው፤ አንደኛው ትልቅ፣ ቢጫ፣ ቆዳው ወፍራም፤ ሁለተኛው ትንሽና አረንጓዴ። እኛ ሁለቱንም ሎሚ ብለን እናልፋለን። ኮምቦልቻ መንገድ ዳር በመደብ የሚሸጠው የኛው ሎሚ፣ ክቡ፣ ትንሹ፣ ቆዳው ስስ የሆነው፣ የትንሹ ወገን ነው። ስለዚህ ዳይኪሪና በጂን የሚሠራው ዘመዱ ጊምሌት የሚፈልጉት ሎሚ እጃችሁ ላይ ነው ያለው፤ አውሮፓ ያለ ሰው ይህን ፍሬ በውድ ገንዘብ ነው የሚገዛው። አሠራሩ ትልቁን ቢጫ ሎሚ ከጠየቀ ግን የኛውን በመጠኑ ቀንሳችሁ ጨምሩ፤ ጠረኑም ጉምዛዜውም ጠንከር ይላል።

ስትገዙ በእጃችሁ መዝኑት። ከመጠኑ ይልቅ የከበደው ውሃ አለው። ልሙጥና ስስ ቆዳ ያለውን፣ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የዞረውን ምረጡ። ቆዳው የደረቀና ጠንካራ የሆነው ገና ሲጨመቅ ነው የሚያሳዝነው። ሳትቆርጡት ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ ጫን አድርጋችሁ አንከባልሉት፤ ከዚያ ወገቡ ላይ ቁረጡና ጭመቁት። እስኪያልቅ ድረስ አትጠምዝዙት፤ ልጣጩ ሲጨፈለቅ ምሬቱን ይለቃል። ከአንድ ሎሚ 10 ሚሊ ሊትር፣ ጥሩ ከሆነ 15 ይወጣል። የምትጨምቁት የዚያኑ ዕለት ነው፤ ለነገ የተቀመጠ የሎሚ ጭማቂ ጠረኑን ጥሎ ጉምዛዜውን ብቻ ይዞ ይጠብቃችኋል።

መለኪያ የለኝም አትበሉ። ፋርማሲ ሂዱና 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌው፣ ግዙ። ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ሎሚና ስኳር እንደሱ የሚለካ የለም። በዓይን የሚቀዳ ሰው ትናንት የጣፈጠውን ዛሬ መድገም አይችልም፤ እኔ ባሩ ውስጥ መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው።

የስኳሩ ውሃ ቀላል ነው። አንድ ብርጭቆ ስኳር፣ አንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ፤ ስኳሩ እስኪሟሟ ማማሰል። እሳት ላይ አቆይታችሁ አታወፍሩት፤ ውሃው ተኖ መጠኑ ይዛባባችኋል። ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ ከድናችሁ ፍሪጅ ካስገባችሁት ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ይቆያል።

በረዶው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚንቀው እሱን ነውና። በረዶ መጠጡን ያቀዘቅዛል፤ እየቀለጠም ውሃ ይጨምርበታል፤ ያ ውሃ የመጠጡ አንድ ክፍል ነው። ማቀዝቀዣችሁ ውስጥ ከሥጋና ከበርበሬ አጠገብ ክዳን ሳይኖረው የከረመ በረዶ ሽታውን ይዞ ይመጣል። እኔ ውሃውን አፍልቼ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ አድርጌ አንድ ትልቅ ድፍን በረዶ አደርገዋለሁ። ሲያስፈልገኝ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በዘነዘና እሰብረዋለሁ። ትልልቅ ስብርባሪ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። መብራት ሄዶ ግማሹ ቀልጦ እንደገና የረጋውን በረዶ ለውሃ መጠጫ ተዉት።

ደሴ ብርድ ስለሆነ በረዶ ቢያንስ ምን አለበት የሚሉኝ አሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማሰሮው ውስጥ ሦስት ፍሬ በረዶ ብቻ ከጨመራችሁ ሦስቱም መጠጡን ሳያቀዘቅዙ ቀልጠው ያልቃሉ፤ ለብ ያለ፣ የቀጠነ ነገር ትጠጣላችሁ። ሁለት ሦስተኛውን በበረዶ ከሞላችሁት እርስ በርሱ ተደጋግፎ ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የሚቀልጠውም ልክ ልኩን ነው።

መናጫው ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ የማር ወይም የማርማላታ ማሰሮ ይሆናል። የማሰሮው ብርጭቆ ወፍራም ይሁን፤ በፎጣ ጠቅልሉት። ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ካላችሁ ደግሞ ይበልጣል፣ ቅዝቃዜውን ፈጥኖ ያሳልፋል። ማጥለያው የሻይ ማጥለያ ነው።

እንግዲህ ዳይኪሪ፦ 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሩም፣ 20 ሎሚ፣ 20 የስኳር ውሃ። መጀመሪያ ሎሚውንና ስኳሩን፣ መጨረሻ ላይ ሩሙን ቅዱ፤ ብትሳሳቱ የምትደፉት ርካሹን ይሆናል። በረዶውን ሙሉበት፣ ክዳኑን አጥብቁ፣ ናጡት። እናቶቻችን ቅሉን ወዲያና ወዲህ እያሉ ቅቤ እንደሚያወጡት በዝግታ አይደለም፤ ክንዳችሁ እስኪሞቅ፣ በረዶው ከዳር እስከ ዳር እየተንኳኳ፣ ከ12 እስከ 15 ሰከንድ። ማሰሮው ላብ ያወጣና እጅ ማስቀዝቀዝ ይጀምራል። 100 ሚሊ የነበረው 130 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ክዳኑ በቅዝቃዜው ተጣብቆ እምቢ ካለ ጠርዙን በማንኪያ እጀታ መታ መታ አድርጉት። ቀድማችሁ ፍሪጅ ባስገባችሁት ትንሽ ብርጭቆ አጥልላችሁ አቅርቡ፤ በረዶ ብርጭቆው ውስጥ አይገባም።

ሩም ካጣችሁ በአገር ውስጥ ደረቅ ጂን በዚያው ልክ ሥሩት፤ ስሙ ይለወጣል እንጂ ትምህርቱ ያው ነው። ምንጩን የማታውቁትን አረቄ ግን አትጠቀሙ። በአግባቡ ያልወጣ አረቄ ሜታኖል የሚባል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ዓይን ያጠፋል፣ ሰው ይገድላል፤ በሎሚና በስኳር ደግሞ ጣዕሙ ይሸፈናል። ክዳኑ ያልተነካ የፋብሪካ ጠርሙስ ብቻ።

የማጣጣሙን ነገር በሦስት ሲኒ ነው የማስተምረው። እህቴን ያስተማርኳት በዚህ ነው፤ አሁን ከእኔ ትበልጣለች። የሁለት ሰው ልክ ያለ በረዶ ደባልቁ፦ 120 ሩም፣ 40 ሎሚ፣ 40 የስኳር ውሃ። ከዚህ 30 ሚሊ ሊትር አንደኛው ሲኒ ውስጥ ቅዱና አስቀምጡት። የቀረውን በበረዶ 5 ሰከንድ ብቻ ናጡና 30 ሚሊ ሁለተኛው ሲኒ ውስጥ አጥልሉ። ክዳኑን መልሳችሁ 10 ሰከንድ ጨምሩና ሦስተኛውን ቅዱ። ከዚያ በተራ ቅመሱ።

አቀማመሱ እንዲህ ነው። ከራት በፊት ይሁን፤ በርበሬ የነካው ምላስ አልኮሉን እሳት አድርጎ ነው የሚቀበለው። ውሃ ጠጡ። ሲኒውን ወደ አፍንጫችሁ አቅርቡ፣ ግን አትሳቡት፤ ሽታው ራሱ ይመጣል። ትንሽ ጎንጩ፣ ምላሳችሁ ላይ ሦስት አራት ሰከንድ አቆዩት፣ ዋጡት፣ ከዚያ አፋችሁን ዘግታችሁ በአፍንጫችሁ ተንፍሱ። ብዙው ጣዕም የሚመጣው በዚያ ትንፋሽ ነው። መጀመሪያ የመጣው ምንድን ነው? መጨረሻ የቀረውስ?

አንደኛው ሲኒ ወፍራምና ጣፋጭ ይሆንባችኋል፤ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። ሁለተኛው ቀዝቀዝ ብሏል፤ ሦስቱ ነገሮች ግን ገና ለየብቻቸው ቆመዋል፤ ሩሙን፣ ሎሚውን፣ ስኳሩን ነጥላችሁ ልትቆጥሩ ትችላላችሁ። ሦስተኛው ላይ ተዋህደዋል። ልዩነቱ ውሃውና ቅዝቃዜው ብቻ ነው። ቅዝቃዜ ጣፋጭነትን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ ሳይቀዘቅዝ ትንሽ የጣፈጠ ሲቀዘቅዝ ልኩን ያገኛል። ሦስተኛውን ሲኒ ግማሹን አስቀሩና ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ እንደገና ቅመሱት፤ ስኳሩ ተመልሶ ይወጣል። ይህንን አንድ ጊዜ በምላሱ ያየ ሰው ኮክቴልን እያዘገመ አይጠጣም፣ ሳይሞቅ ይጨርሰዋል።

ማረሚያው አጭር ነው። ጉምዛዜው ቀድሞ ከመጣና ካልለቀቀ 5 ሚሊ የስኳር ውሃ። ጣፋጩ ከንፈር ላይ ከተጣበቀ 3 ሚሊ ሎሚ። ጉሮሮ ካቃጠለ ትንሽ ተጨማሪ መናጥ። ሁሉም ልክ ሆኖ ሳለ ሕይወት ከሌለው፣ አንድ ማንኪያ ጨው በአራት ማንኪያ ውሃ አሟሙታችሁ ሁለት ጠብታ። ጨው ምሬትን ይቀንሳል፣ ሎሚውንም ያወጣዋል፤ የጨው ጣዕም ከተሰማችሁ ግን በዝቷል።

ዳይኪሪውን ከያዛችሁ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። ሩሙን በጂን ስትለውጡ ወደ ጊምሌት ትጠጋላችሁ። የሱ ታሪክ የመርከበኞች ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1867 የወጣ የእንግሊዝ ሕግ የንግድ መርከቦች ድድ የሚያደማውን በሽታ ለመከላከል ለመርከበኞቻቸው የሎሚ ጭማቂ እንዲሰጡ አዘዘ። በዚያው ዓመት ላክላን ሮዝ የተባለ የስኮትላንድ ነጋዴ ጭማቂውን ያለ አልኮል፣ በስኳር አቆይቶ የማሸግ ዘዴ አስመዘገበ። ጊምሌት ያ ጣፋጭ የሎሚ ውሃ ከጂን ጋር ነው። የእኔ ጊምሌት ግን ጦስኝ አለው። አንድ እፍኝ ጦስኝ በፈላ ውሃ ዘፍዝፌ፣ ከድኜ፣ 12 ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ቆላ ካለው ሰው ትንሽ ጨምሬ ነው የማቆየው። አጥልዬ እኩል ስኳር አሟሟበታለሁ። 60 ጂን፣ 20 ሎሚ፣ 20 የጦስኝ ስኳር፤ እንደ ዳይኪሪው መናጥ። ከምሠራቸው ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ብርድ በሚያንዘፈዝፍበት ማታ ለጉንፋን የምንጠጣው ሻይ ሽታ ጂኑ ከሚቀመምበት የጥድ ፍሬ ሽታ ጋር ይገናኛል፤ የተራራ ሽታ ነው፣ የጦሳ ሽታ።

ስኳሩን በማር ከለወጣችሁት አሜሪካ መጠጥ በሕግ በከለከለችበት ዘመን፣ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ የወጣው ቢስ ኒስ ይሆናል፤ ቃል በቃል የንብ ጉልበቶች ማለት ነው። ማሩን በለብታ ውሃ እኩል በእኩል አቅጥኑት፤ ሳይቀጥን በረዶ ሲነካው ይረጋና ማሰሮው ግርጌ ይቀራል። የላስታ ነጭ ማር ካገኛችሁ ለዚህ አስቀምጡት።

ቶም ኮሊንስ ያው ጂን፣ ሎሚና ስኳር ሆኖ ረጅም ብርጭቆ ውስጥ በበረዶ ላይ ከተቀዳ በኋላ በአምቦ ውሃ የሚሞላ ነው። የአምቦ ማዕድን ትንሽ ጨዋማነት ስላለው የጨው ጠብታ አያስፈልገውም። አምቦው ግን አይናጥም! የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሎሚው ጋር ማሰሮ ውስጥ ጨምሬ ናጥኩት፤ ክዳኑ ፈንጥሮ የአንዲት እናት ነጠላ ላይ ተደፋ። ይቅርታ ብያቸው ነጠላውን አጥቤ መለስኩ፤ ያን ቀን የተማርኩትን እስካሁን አልረሳሁም። አምቦውን በደንብ አቀዝቅዛችሁ ክፈቱት፤ ከፍታ ቦታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ጋዙ ለማምለጥ ይቸኩላል። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ የመጣ ጠርሙስ ደግሞ ሳያርፍ አይከፈት።

ውስኪ ሳወር በባህሉ አረፋው ከእንቁላል ነጭ ነው። በጾም ወራት እንቁላል ቤቴ ስለማይገባ በሽምብራ ውሃ እሠራዋለሁ፤ አሁን ከጾም ውጭም አልመለስ ብያለሁ። ሽምብራውን አሳድራችሁ ያለ ጨው ቀቅሉት፤ ውሃው እንደ ተልባ ልዝብ እስኪል አቆዩት፤ ይቀዝቅዝ። 60 ውስኪ፣ 20 ሎሚ፣ 20 የስኳር ውሃ፣ 25 የሽምብራ ውሃ። መጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ፣ ከዚያ በበረዶ 15 ሰከንድ ናጡ። ጣት ግማሽ የሚያህል ነጭ አረፋ ይቆምለታል። የሽምብራ ሽታ ትንሽ ይኖረዋል፤ የብርቱካን ልጣጭ ላዩ ላይ ጨመቅ ብታደርጉበት ይጠፋል።

ኦልድ ፋሽንድ ከነዚህ የተለየ ቤተሰብ ነው፤ ሎሚ የለውም፣ አይናጥም፣ ይማሰላል። እ.ኤ.አ. በ1806 ኒውዮርክ ግዛት፣ ሃድሰን ከተማ የሚታተም ጋዜጣ ኮክቴል ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም ነው ብሎ መለሰ። ኦልድ ፋሽንድ እስከ ዛሬ ያው ነው። መራራውን ቅመም ደሴ ፈልጌ አጣሁት፤ ስለዚህ በጌሾ ሠራሁት። ጠላንና ጠጅን የሚያመርረው ጌሾ ይህን ሥራ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

200 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ደረቅ ጌሾ፣ የአንድ ብርቱካን የደረቀ ልጣጭ (ነጩን አንሱለት)፣ 3 ቅርንፉድ፣ አንድ ትንሽ ቀረፋ፣ የአንድ ኮረሪማ ፍሬ። ከድናችሁ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ፤ በየቀኑ አንቀጥቅጡት። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ በውሃ ቅመሱ፤ ምሬቱ ሲበቃችሁ ጌሾውን ብቻ አውጡና ሌላው እስከ አሥረኛው ቀን ይቆይ። ቅርንፉዱን አታብዙ፤ እኔ መጀመሪያ 8 ጨምሬ የጥርስ መድኃኒት ሆኖብኝ ደፋሁት። በንጹሕ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልሉት። አሁን 60 ውስኪ ወይም ብራንዲ፣ 5 የስኳር ውሃ፣ 4 ጠብታ የጌሾ መራራ፤ በትልልቅ በረዶ 30 ሰከንድ በረጅም ማንኪያ ማማሰል፣ አዲስ በረዶ ላይ መቅዳት። የብርቱካኑን ልጣጭ ቆዳው ወደ መጠጡ ዞሮ ጎበጥ አድርጉት፤ ዘይቱ ይረጫል።

ኔግሮኒ እኩል ጂን፣ ካምፓሪ (ቀይ፣ መራራ የጣሊያን መጠጥ) እና ቀይ ቨርሙት (በቅመም የተሠራ ወይን) ነው። ካምፓሪውና ቨርሙቱ ካልተገኙ ተዉት፤ በሌላ ነገር የተተካ ኔግሮኒ ጠጥቼ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቤቴ የሚመጣው ሁሉ አልኮል አይጠጣም። ጎረቤታችን እትዬ ሙስሊም ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ ያህል የማያቸው ሰው። ለእሳቸው የተለየ ማሰሮ፣ የተለየ ማጥለያና ሲሪንጅ አለኝ፤ መጠጥ ነክቷቸው አያውቅም። 30 ሎሚ፣ 30 የጦስኝ ስኳር፣ በበረዶ ተንጦ፣ አምቦ ተሞልቶበት። ተራውን ሎሚናዳ አድርጌ አላቀርብላቸውም፤ የእሳቸውም ብርጭቆ ፍሪጅ ገብቶ ይቀዘቅዛል፣ ሎሚውም ይቀመሳል። «ስኳሩን ዛሬ ቀነስሽው አይደል?» ይሉኛል፤ አይሳሳቱም።

መጠኑን አትርሱ። 60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 ፐርሰንት መጠጥ አንድ ጠርሙስ ተኩል ቢራ ያህል አልኮል አለው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ደግሞ አይታወቅም። እኔ ቤት ለአንድ ሰው ሁለት ነው፤ በመካከሉ ውሃና ቆሎ። ሐረጎን መውረድ ያለበት ሰው የእትዬን ነው የሚጠጣው፤ ያ ጠመዝማዛ በጉም ለሰከነ ሰውም ከባድ ነው። የባሌ ወንድም አንድ ብርጭቆ ከነካ እኛው ቤት ያድራል፤ ፍራሹ ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። ዕድሜው 21 ያልሞላ ልጅ አይቀዳለትም።

አንድ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሎሚው ከየት እንደተገዛ፣ ምን እንዳለ፣ ስኳሩ ስንት እንደሆነ ጻፉበት። የእኔ ያለፈው እሁድ እንዲህ ይላል፦ «ሎሚ ከኮምቦልቻ፣ ቢጫ፣ ውሃው ብዙ። ቶሎ ይለቃል፣ አይመርም። 22 ሎሚ ለ18 ስኳር። እህቴ ሁለተኛውን ትንሽ ይናጥ አለች፤ ልክ ነበረች።»